ስለ ቤት ኤስፕሬሶ መኪና አመራረጥ

የኤስፕሬሶ መኪና ለቤቱ ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር፣ የመኪናው መልክና የሽፋኑ ማብረቅረቅ ሳይሆን፣ ውሃው በምን ያህል ግፊትና ሙቀት በተፈጨው ቡና ውስጥ እንደሚያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ዓ.ም. የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ ያስመዘገበው መኪና ውሃውን የሚገፋው በእንፋሎት ኃይል ነበርና ቡናው ከማረርና ከመምረር አይድንም ነበር፤ በ1940ዎቹ ግን የዚያው ከተማ ሰው አኪሌ ጋጃ እንፋሎቱን ትቶ ውሃው በፒስተን እንዲገፋ ባደረገ ጊዜ፣ ዛሬ የኤስፕሬሶ ክብር የሆነው ወርቅማ አረፋ በስኒው ላይ ተገለጠ።

እንግዲህ በመኪናው ላይ «15 ባር» የሚል የግፊት ልክ ተጽፎ ያየ ገዥ ስለዚህ ብቻ አይማረክ፤ ለመልካም ኤስፕሬሶ 9 ባር ገደማ ይበቃልና፣ ይልቁንስ ሙቀቱ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ባለው መካከል ጸንቶ መቆየቱን ይመርምር።

በእኔ አስተያየት ግን ከመኪናው ይልቅ መፍጫው ይበልጣል፤ እናቶቻችን ለጀበና በሙቀጫ የሚወቅጡት ቡና ጥቂት ቢሻክር ጀበናው ይታገሠዋል፣ ኤስፕሬሶ ግን አይታገሥም፤ ዱቄቱ ከሻከረ ውሃው ፈጥኖ ያመልጥና መጠጡ ቀጭንና ኮምጣጣ ይሆናል፣ ከመጠን በላይ ከላመም ውሃው ታፍኖ ምሬት ያወጣል። ዱቄቱ ልክ ሲሆን ከ18 ግራም ቡና 36 ግራም ያህል መጠጥ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ይወርዳል፤ በስለት የሚቆራርጠው ርካሽ መፍጫ ግን ዱቄቱን እኩል አድርጎ ከቶ አይፈጭም።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ገንዘብህ ለሁለቱ እኩል የማይበቃ እንደ ሆነ፣ ከመኪናው ዋጋ ቀንሰህ በመፍጫው ላይ ጨምር።