የሌብል ፋይል ሲበላሽ፤ በአንድ ንግድ ቤት ስለ ደረሰ ነገርና ስለ መፍትሔው

በንግድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እጅግ ተጠብቀው የሚቀመጡት ወረቀቶች የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ደረሰኙ፣ የባንክ ሰነዱና የኪራይ ውሉ ናቸው። እነዚህ በካዝና ይቆለፋሉ። የዕቃው መለያ፣ በገበያ እንደሚጠራው ሌብሉ፣ የተሠራበት የኮምፒዩተር ፋይል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእስክሪብቶና ከማኅተም ቀለም ጋራ በመሳቢያ ውስጥ በሚንከባለል ፍላሽ ላይ ይገኛል። እኔም ለብዙ ዓመት እንዲሁ ሳደርግ ቆይቻለሁ። ባለፈው ክረምት የደረሰብን ነገር ከዚህ ልማድ ስላወጣኝ፣ ለሌሎችም ንግድ ቤቶች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እነሆ እጽፈዋለሁ።

አሠሪዬ የተቆላ ቡና በ250 ግራም ከረጢት እያሸጉ ወደ ውጭ አገር ይልካሉ። በጂዳ የሚገኙት ደንበኛችን የሚቀጥለው ጭነት በ500 ግራም ከረጢት እንዲሆንላቸውና በዐረብኛ የተጻፈውም ክፍል በአንድ ቦታ እንዲታረም ጠየቁ። ወደ ሳውዲ ዐረቢያ የሚገባ የታሸገ ምግብ መለያው በዐረብኛ እንዲጻፍ ግዴታ ስለ ሆነ፣ ጥያቄው የሚታለፍ አልነበረም። ማተሚያ ቤቱ የታረመውን ሥራ እስከ ሐሙስ ካልተቀበለ ተራችንን ለሌላ እንደሚሰጥ አስታውቆናል። ሰኞ ጧት ፍላሹን ከመሳቢያ አውጥቼ ፋይሉን ለመክፈት ብሞክር፣ ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም ሳይታሰብ የፋይሉ መጨረሻ ስለ ተደረሰ ጥያቄውን ለመፈጸም አልተቻለም የሚል ቃል አወጣ። ደግሜ ሞከርሁ፤ መልሱ ያው ነው።

አሠሪዬ ነገሩን በነገርኋቸው ጊዜ የታተመውን ከረጢት አንሥተው፣ «ሥዕሉ ይኸው አለ አይደለም ወይ? ከዚህ ላይ አይቀዱትም?» አሉ። ብዙ ነጋዴም እንዲህ ማለቱ አይቀርም። ዳሩ ግን የጠፋው ሥዕሉ አልነበረም፤ የጠፋው ሥዕሉን የማረም ችሎታ ነው። ይህን ለመረዳት ፋይሉ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፎቶሾፕ ቶማስና ጆን ኖል በተባሉ ወንድማማቾች ተሠርቶ በአዶቢ ኩባንያ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበ ፕሮግራም ነው። ባለሙያዎቹ ሌየር የሚሉት ንብርብር የተጨመረበት ግን በ1994 በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። ንብርብር ማለት፣ ማዶውን በሚያሳይ ስስ ላስቲክ ላይ አንዱን ሥዕል ብቻ ሥሎ፣ በላዩ ሌላ ላስቲክ፣ በዚያም ላይ ሌላ እንደ መደረብ ያለ ነው። በታችኛው ላይ መደቡ፣ በላዩ የቡናው ፎቶግራፍ፣ ከዚያ ጌጡ፣ ከዚያ ስሙ፣ ከዚያ ክብደቱ እየተባለ እያንዳንዱ ለብቻው ይቀመጣል። ስለዚህ 250 የሚለውን ቍጥር 500 ለማድረግ የቍጥሩን ንብርብር ብቻ መንካት ይበቃል። ለደንበኛ የሚላከው፣ ጄፒጂ የሚባለው ጠፍጣፋ ሥዕል ግን ሁሉም ተጨፍልቆ አንድ የሆነበት ስለ ሆነ፣ ቍጥሩን ሲፍቁት ከሥሩ ያለው ቡና አብሮ ይፋቃል። በእኛ ሥራ ቋንቋ ለመናገር፣ ጠፍጣፋው ሥዕል ድምሩ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ነው፤ ንብርብሩ ፋይል ደግሞ ሒሳቡ አንድ በአንድ የተዘረዘረበት መዝገብ ነው። ድምሩን ይዞ መዝገቡን የጣለ ነጋዴ ምን እንደሚያገኘው አንባብያን ያውቁታል።

ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ወጣት ጠራን። ፍላሹን ከመንካቱ በፊት ያቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። «እትዬ፣ ከተበላሸ በኋላ በላዩ ሴቭ አድርገዋል?» አለኝ። አላደረግሁም አልሁት። «እንኳንም አላደረጉ» ብሎ የፋይሉን ሁለት ቅጂ ወደ ኮምፒዩተሩ አሳልፎ፣ ፍላሹን ነቅሎ መልሶ ሰጠኝና ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው አሳሰበኝ። የተበላሸ ፋይል የሚታከመው በቅጂው ላይ ነውና፣ አንዱ ሙከራ ቢያበላሸው ዋናው እንደ ነበረ ይቆያል። ብዙ ፋይል ፈጽሞ የሚጠፋው በመጀመሪያው ጉዳት ሳይሆን ከዚያ በኋላ በድንጋጤ በሚደረገው ነካ ነካ መሆኑን ነገረኝ።

ቀጥሎ የፋይሉን ባይቶች አንድ በአንድ በሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተው። የፎቶሾፕ ፋይል አምስት ክፍል አለው። መጀመሪያ 26 ባይት የሚሆን መግቢያ ይገኛል፤ የመግቢያውም የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች በላቲን ፊደል «8ቢፒኤስ» የሚል ምልክት ናቸው። ይህ ምልክት ካለ ፋይሉ ቢያንስ መነሻው ደኅና ነው። ከዚያ ስለ ቀለሙ፣ ቀጥሎ እንደ ሕትመቱ ጥራትና እንደ ትንሿ ናሙና ሥዕል ያሉ ልዩ ልዩ ማስታወሻዎች፣ ቀጥሎም ንብርብሮቹ ይመጣሉ። በመጨረሻ ሁሉ ተጠቃሎ የታየበት አንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ይገኛል። መካከለኞቹ ሦስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው የሚጀምሩት ርዝመታቸውን በሚገልጽ ቍጥር ነው። ያ ቍጥር ከተሳሳተ፣ የካርቶኑ ብዛት በተሳሳተበት የጭነት ሰነድ ዕቃ እንደሚረከብ መጋዘን ጠባቂ፣ ፕሮግራሙ የሚቀጥለው ክፍል የት እንደሚጀምር ይጠፋበታል።

የእኛ ፋይል በሽታ ግን ሌላ ነበር። ሥዕል ነዳፊው ሥራውን ሲያስረክብ በጻፈው ዝርዝር ላይ የፋይሉ መጠን 94 ሜጋባይት ተብሎ ተመዝግቧል። በፍላሹ ላይ ያለው 61 ብቻ ነው። ጅራቱ ተቈርጦ ቀርቷል ማለት ነው። የቀድሞው ኮምፒዩተራችን ሲያረጅ ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ያሳለፍሁት እኔ ስሆን፣ ቅጂው ሳያልቅ ፍላሹን የነቀልሁት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ተከፍቶ ስላልታየ ጉዳቱ ተሰውሮ ኖረ።

እዚህ ላይ ወጣቱ ያስረዳኝን ነገር ሰፋ አድርጌ መጻፍ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ተስፋ ከቈረጥን በኋላ ተስፋ የሰጠን ይኸው ነው። በንብርብሩ ክፍል ውስጥ አስቀድሞ የሚጻፈው የንብርብሮቹ ሁሉ መዝገብ ነው። ይኸውም ስማቸው፣ ቦታቸው፣ ስፋታቸው፣ የጽሑፍ ንብርብር ሲሆን ደግሞ ቃሉ ራሱና የተጻፈበት የፊደል ዓይነት ናቸው። ሥዕሎቹ ራሳቸው የሚከተሉት ከዚህ መዝገብ በኋላ፣ ከታችኛው ንብርብር ጀምሮ ወደ ላይኛው በቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ፋይሉ ከጅራቱ ሲቈረጥ ጠፍጣፋው ማጠቃለያና የላይኞቹ ንብርብሮች ሥዕል ይጠፋል፤ መዝገቡና የታችኞቹ ሥዕል ግን ይተርፋል። ወጣቱ የጎደለውን ርዝመት በባዶ ባይት ሞልቶ ፋይሉን እንደ ገና ለመክፈት ሞከረ። ፎቶሾፕ እምቢ አለ። በሌላ ፕሮግራም ሲሞክረው ግን ተከፈተ። አንዱ ፕሮግራም ያልተቀበለውን ሌላው ሊቀበል ስለሚችል፣ እንደ ጂምፕና እንደ ፎቶፒያ ባሉት ሳይሞክሩ ተስፋ መቍረጥ አይገባም። በባዶ ባይት መሙላቱም ቢሆን ሁልጊዜ የሚሳካ ዘዴ አይደለም፤ ለእኛ ተሳካልን።

መደቡ፣ የቡናው ፎቶግራፍና የዳሩ ጌጥ ሙሉ በሙሉ ወጡ። ከላይ ተሥለው የነበሩት ጀበናውና የንግድ ምልክታችን ባዶ ሆነው ቀሩ። ቃላቱ ግን፣ ዐማርኛውም እንግሊዝኛውም ዐረብኛውም፣ ከነቦታቸው በመዝገቡ ውስጥ ተገኙ። ዐማርኛው በዩኒኮድ የተጻፈ መሆኑ ረዳን። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት በተሠሩ ፊደሎች የተጻፈ ሌብል ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። አሮጌ ሌብል ያላችሁ ነጋዴዎች ይህን ከአሁኑ ብታስመረምሩት ይበጃል።

የንግድ ምልክቱ መጥፋት አሠሪዬን እጅግ አሳዘናቸው። ሥዕል ነዳፊው ወደ ውጭ አገር ሄዷል፤ ኮምፒዩተሩንም ሸጦታል። ማክሰኞ ማታ ሁላችንም ዝም ብለን በተቀመጥንበት ሰዓት፣ ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ከረጢት ሲታተም ፋይሉ በቴሌግራም ለማተሚያ ቤቱ መላኩ ትዝ አለኝ። ወደ ኋላ ብንፈልግ አገኘነው። በፎቶ መልክ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ተጨፍልቆና ጥራቱ ቀንሶ ይገኝ ነበር፤ የተላከው በፋይልነቱ ስለ ሆነ እንደ ነበረ ከነንብርብሩ ወረደ። ጀበናውም ምልክቱም በውስጡ ነበሩ። ዐረብኛው ግን ኋላ የተጨመረ ስለ ሆነ አልነበረበትም። ስለዚህ ሥዕሉን ከአሮጌው፣ ቃሉን ከተሰበረው አውጥቶ ማገጣጠም ግድ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ሰኞ ጧት መጀመር የነበረብን ከዚህ ፍለጋ ነው። ደኅና ቅጂ ከተገኘ ጥገናው ግማሽ ሥራ ብቻ ይሆናል። በኢሜይል የተላከ ካለ፣ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር የቀረ ካለ፣ በጎግል ድራይቭ ወይም በድሮፕቦክስ የተቀመጠ ካለ አስቀድሞ መመልከት ነው፤ እነዚህ አገልግሎቶች የተለወጠን ፋይል የቀድሞ መልክ ለተወሰነ ጊዜ ያቆያሉና። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው እትም ወዲህም ፎቶሾፕ በሥራ ላይ ያለውን ፋይል ካልተለወጠ በቀር በየ10 ደቂቃው ለራሱ መጠባበቂያ ያስቀምጣል። ስለዚህ በሥራ መካከል መብራት ቢጠፋ፣ ፕሮግራሙን በዚያው ኮምፒዩተር መልሶ መክፈት ያስፈልጋል።

ሌላ ዓይነት ጉዳትም አለ። የፋይሉ መጠን ደኅና ሆኖ ውስጡ ሁሉ ዜሮ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህ መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚደርስ ነው። ከእንዲህ ያለው ፋይል ማንም ምንም አያወጣም። ገንዘብ ተቀብዬ አወጣለሁ የሚል ቢመጣ አትስሙት። ፍላሹ ራሱ ፎርማት ይደረግ ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ እሺ አትበሉት። የተሰረዘ ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ በቦታው ይቆያል፤ ፎቶሬክ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም እንዲህ ያለውን ከመነሻ ምልክቱ እየለየ ሊያወጣ ይችላል። የወጣው ግን ስሙን አጥቶ ስለሚመጣ አንድ በአንድ መክፈት ያስፈልጋል፤ የሚቀመጠውም በዚያው ፍላሽ ሳይሆን በሌላ ዲስክ መሆን አለበት። በኢንተርኔት ፋይል እንጠግናለን ለሚሉ ለማይታወቁ ቦታዎች ገና ገበያ ያልወጣ ሌብል መላክ ደግሞ ንድፉን በአደባባይ እንደ ማስጣት ነው።

ይህ ሁሉ ሲደርስ አንድ ነገር በግልጽ ታየኝ። ለሥዕል ነዳፊ ዋጋ የምንከፍለው ለሥዕሉ ነው እንላለን፤ ስንረከብ ግን ጠፍጣፋውን ብቻ እየተረከብን ደስ ብሎን እንሸኘዋለን። ንብርብሩን ፋይል፣ የተጠቀመበትን ፊደል፣ ከውጭ ያመጣቸውን ፎቶግራፎችና ለማተሚያ የሚሆነውን ፒዲኤፍ ጨምሮ እንዲያስረክብ በውሉ ላይ ማስገባት ይገባል። ከርክክብም በኋላ እዚያው ፊት ለፊቱ በእኛ ኮምፒዩተር ተከፍቶ መታየት አለበት። እኔ አሁን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ባሳለፍሁ ቍጥር የሁለቱን መጠን በወረቀት ጽፌ አስተያያለሁ። ቀላል ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ አድርጌው ቢሆን ኖሮ 33 ሜጋባይት መጉደሉን በዚያው ቀን ባየሁት ነበር።

ወጣቱ ረቡዕ ሌሊቱን ሲሠራ አደረ። 250 የሚለው 500 ሆነ፤ ዐረብኛው ታረመ፤ ጀበናውም ለአዲሱ ከረጢት እንዲስማማ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አለ። ሐሙስ ጧት በሦስት ሰዓት ለጂዳው ደንበኛችን ናሙናው ተላከላቸውና አንድ ነጥብ ብቻ አርመው መለሱት። ማተሚያ ቤቱ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ተረከበን። የተሰበረው ፍላሽ አሁን ከንግድ ፈቃዱ ጎን በካዝና ውስጥ ይገኛል፤ ይጣል ብዬ ብጠይቅ አሠሪዬ አልፈቀዱም።