ጣና በመንግሥታት ውል፣ ባሕር ዳር በሃያኛው ክፍለ ዘመን

ባሕር ዳር ዛሬ የአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆና በሰፋፊ ጎዳናዎቿና በዘንባባዎቿ ብትታወቅም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ በሥፍራው የነበረው በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበ የሐይቅ ዳር መንደር ነበር። ጣና ግን በዚያው ጊዜ በታላላቅ መንግሥታት ውሎች ውስጥ ስሙ እየተጻፈ፣ ልኩ እየተጠየቀ፣ ባለቤትነቱም እያከራከረ ነበር። ከተማዋ ከመፈጠሯ በፊት ሐይቁ የዓለም ፖለቲካ ጉዳይ መሆኑ የባሕር ዳርን ታሪክ ከብዙ ከተሞች ታሪክ ይለየዋል፤ የቅኝ ግዛት ፉክክር፣ ፋሺዝም፣ ቀዝቃዛው ጦርነትና አብዮት ክፍለ ዘመኑን ያናወጡ ታላላቅ ኃይሎች ሲሆኑ፣ ሁሉም በየተራ ወደዚህ ዳርቻ ደርሰው የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ትተው አልፈዋል።

የነገሩ መነሻ ውሃና ጥጥ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ሰፊና ጥልቀቱም አነስተኛ ሐይቅ በመሆኑ፣ አባይ ከሚወጣበት አፍ ላይ አጠር ያለ ግድብ ቢሠራ እንኳ የውሃው ከፍታ አንድ ሜትር ሲጨምር 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይጠራቀማል። ግብፅንና ሱዳንን የያዘችው ብሪታንያ ደግሞ ለጨርቅ ፋብሪካዎቿ ጥጥ ትፈልግ ነበርና፣ ክረምት የሚሞላውን ውሃ በበጋ የሚለቅ እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ጎተራ በቀላሉ የምትተወው አልነበረም። በዚህም ምክንያት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የድንበር ውል ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ከብሪታንያና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ የአባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያቆም ሥራ እንዳይሠሩ ግዴታ የሚያስገባ አንቀጽ ተጨመረ። አንቀጹ የከለከለው ውሃውን ፈጽሞ መድፈንን ነው ወይስ በውሃው መጠቀምንም ጭምር ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ሲያከራክር ኖሯል፤ ኢትዮጵያ ሁልጊዜም የያዘችው የመጀመሪያውን ትርጉም ነው፣ ሚዛን የሚደፋውም እርሱ ነው።

ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በ1899 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ባደረጉት የሦስትዮሽ ውል በአገሪቱ ውስጥ የየራሳቸውን የጥቅም ክልል ሲለዩ፣ የአባይ ተፋሰስ የብሪታንያ ጥቅም ተብሎ ተመዘገበ። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ ብሪታንያና ጣልያን በደብዳቤ ልውውጥ፣ አንዷ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት፣ ሌላዋ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት እርስ በርስ ለመደጋገፍ ተስማሙ። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ስለነበር፣ ማለትም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተቋቋመው፣ መቀመጫውን በጄኔቭ ያደረገውና አባሎቹን በሕግ ፊት እኩል ያደርጋል የተባለው ጉባኤ በር ተከፍቶላት ስለነበር፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን በሰኔ 1918 ዓ.ም. ስምምነቱን በዚያው መድረክ ተቃወሙ። ሁለቱ መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ የለንም ብለው ለማፈግፈግ ተገደዱ፤ በሕግና በብዕር ብቻ የተገኘ በመሆኑ ይህ ድል ከሚታወቀው በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ተፈሪ በዚህ ሳይወሰኑ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልከው፣ የጣናን ግድብ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒው ዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር እንዲደራደሩበት አደረጉ። ዓላማው ቅኝ ገዥ ካልሆነ ወገን ጋር በመሥራት ከቅኝ ገዥዎቹ ጫና መላቀቅ ነበር።

ድርድሩ ወደ ግንባታ ሳይሻገር የፋሺስት ጣልያን ጦር በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወረረ፤ ባሕር ዳርንም ያዘና የጦር ሰፈር አደረጋት። በጎጃም በኩል በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ሌሎች አርበኞች ጠላትን ከየምሽጉ እንዳይወጣ አስጨንቀው ስለያዙት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ተፈሪ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ወደ አዲስ አበባ ያቀኑት ይህንኑ የአርበኞች አገር አቋርጠው ነው።

የዛሬዋ ባሕር ዳር የተወለደችው ከዚህ ጦርነት ማግስት ነው። ጣልያን በ1939 ዓ.ም. የሰላም ውል ለኢትዮጵያ እንድትከፍል የተፈረደባት የጦር ካሳ፣ ማለትም ወራሪ ለበደለው አገር የሚከፍለው ገንዘብ፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከረጅም ድርድር በኋላ ወደ 16 ሚሊዮን ገደማ ዝቅ ብሎ ተፈጸመ። የቆቃ ግድብና በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የዚህ ካሳ ፍሬዎች ናቸው። ብሪታንያ የጣናን ውሃ የፈለገችው ለሌላ አገር ጥጥ ማልሚያ ሲሆን፣ አሁን ደግሞ በዚያው ሐይቅ ዳር ጥጥ እየተፈተለ መሸመን ጀመረ፤ ከገጠር የመጡ ወጣቶችም የወር ደመወዝተኛ ሆነው በፋብሪካ ጥሩምባ መግባትና መውጣትን ለመዱ።

በዚያን ጊዜ ዓለም በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት መካከል ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ቀዝቃዛው ጦርነት የሚባለውም ሁለቱ ኃያላን በቀጥታ ሳይዋጉ በእርዳታ፣ በጦር መሣሪያና በትምህርት ወዳጅ ለማፍራት የተሽቀዳደሙበት ዘመን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምንም እንኳ ከአሜሪካ ጋር የጠበቀ ወዳጅነት ቢኖራቸውም በ1951 ዓ.ም. ሞስኮን ጎብኝተው ብድር አገኙ፤ ከዚህ ግንኙነት የተገኘው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትም በ1955 ዓ.ም. በባሕር ዳር ተከፈተ። በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እርዳታ የተቋቋመው የመምህራን ትምህርት አካዳሚ ሲከተለው፣ ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተዋሐዱ፤ የከተማው ሰው ግን ግቢዎቹን እስከ ዛሬ «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ በጥንት ስማቸው ይጠራቸዋል። የከተማዋን መሪ ፕላን የነደፉት ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ናቸው። ሶቪየት የአስዋንን ግድብ ለመሥራት ከግብፅ ጋር ስትሰለፍ፣ አሜሪካ በአጸፋው ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የአባይን ተፋሰስ አስጠንታ፣ በዋናው ወንዝ ላይ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ የግድብ ቦታዎችን አመለከተች። ግብፅና ሱዳን የወንዙን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው የተከፋፈሉበት የ1952 ዓ.ም. ስምምነት የተፈረመውም በዚሁ መሐል፣ ኢትዮጵያ በሌለችበት ነው።

ከተማው እንዲህ ሲታነጽ ገበሬው ግን ዘመናዊነትን ያወቀው በግብር መልክ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር፣ ከአባቶች የወረደውን የርስት መሬት ወደ ማስለካትና ከዚያም ወደ መንጠቅ ይወስዳል ብሎ የሠጋው የጎጃም ሕዝብ በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም ቦታዎች ሲነሣ፣ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን አንሥቶ፣ ውዝፍ ግብሩንም ለመማር ተገደደ። የ1966 ዓ.ም. አብዮት ከተማሪና ከወታደር ብቻ የተወለደ አለመሆኑን ለማየት ይህን ዐመፅ ማስታወስ ይበቃል።

በአብዮቱ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በዚሁ ሁለተኛ አዋጅ ቀበሌ የሚባለው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። በባሕር ዳር ሹም አቦ የመሰለው የቀበሌ ስም የአሮጌውንና የአዲሱን መጋጠም በግልጽ ያሳያል፤ «አቦ» ሕዝቡ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን የሚያስታውስበት ጥንታዊ መጠሪያ ሲሆን፣ ሹም አቦን ቀበሌ ያሰኘው ግን የዚያ ዓመት አብዮት ነው። ቀበሌው ኪራይ ሰበሰበ፣ ዳኝነት ተቀመጠ፣ ስኳር አከፋፈለ፣ መሃይምነትን ለማጥፋት አስተማረ፤ በቀይ ሽብር ጊዜም ያው መዋቅር የጎረቤትን ልጅ ለማሠሪያና ለመግደያ አገለገለ፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ዛሬም ስሙን ያለ ሐዘን አያነሣውም።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ባሕር ዳር የክልል መቀመጫ ስትሆን፣ በ1894ቱ ውል ያከራከረው የጣና አፍ ላይ ጨረጨራ የተባለው ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠርቶ ተጠናቀቀ፤ ግድቡ የጢስ አባይን የኃይል ማመንጫ ለማገዝ የውሃውን አወጣጥ የሚቆጣጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው የበጋ ውሃ ወደ ተርባይኖቹ በመዞሩ ታላቁ የጢስ አባይ ፏፏቴ በዓመቱ ብዙ ወራት ቀጥኖ መታየት ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ከማነሱ ጋር የሐይቁ ከፍታ ክፉኛ ሲወርድ ጀልባዎች ከየወደቡ መራቅ አቃታቸው፤ ሐይቁ ሸሽቶ በተወው አፈር ላይም የዳርቻው ገበሬ ሞፈሩን ነድቶ ዘራበት።