መኪና ውስጥም ፈረቃ አለ

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ አገሩ ሁሉ የመብራት ፈረቃ ወጥቶለት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ፈረቃ አንድ መኪና ውስጥ የሚገጥሙ ሰዎች አሉ። ልዩነቱ፣ እዚያ ተራ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ትንሽ ሣጥን ነው።

መኪናው አርቪ ይባላል፤ አልጋ፣ ኩሽናና መታጠቢያ ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። ካምፕ ቦታ ሲደርስ በወፍራም ገመድ ከመብራት ይገናኛል። ብዙዎቹ የሚያገኙት 30 አምፔር በ120 ቮልት፣ ማለትም 3,600 ዋት ነው። እኛ ቤት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚበላውን ያህል መሆኑ ነው!

አሁን እንደምር። ጣሪያው ላይ ያለው ኤሲ ወደ 13 አምፔር ይወስዳል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይጨምራል። የውሃ ማሞቂያው 12 ገደማ ነው። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ችግር የለም። ማይክሮዌቭ ሲጨመር ግን 37 ይደርሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩ ይወርዳል።

ሰው ካለ መልሶ ያነሳዋል። ከሌለስ? ኤሲ ተከፍቶለት ውስጥ የቀረ ውሻ አለ እንበል። ማሞቂያው፣ ፍሪጁና የባትሪ ቻርጀሩ ተደራርበው ብሬከሩን ካወረዱት ኤሲውም አብሮ ይጠፋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ ምድጃ ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም።

“ታዲያ ትልቅ ብሬከር አልገጥምም?” የሚል አይጠፋም። በፍጹም! ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ለ30 አምፔር በተዘረጋ ሽቦ 50 ካለፈበት ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ግድግዳ ውስጥ እሳት ይነሳል።

ሣጥኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። ዋናው ሽቦ ላይ የተቀመጠ መለኪያ ጠቅላላውን አምፔር ያነባል። ከተወሰነው ሲያልፍ ብዙም የማያስቸኩለውን ዕቃ በሪሌይ ይቆርጣል፤ ቦታ ሲገኝ ይመልሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ተራውን መልቀቅ ያለበት የውሃ ማሞቂያው ነው። የሞቀ ውሃ ለአንድ ሰዓት ቢቆይ ማንንም አይጎዳም። ኤሲው መጨረሻ ላይ ይሁን።

ኤሲውን ማቋረጥ ግድ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዋናውን 120 ቮልት መቁረጥ ነው። ኮምፕሬሰር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ይህ ጠንካራ ሪሌይ ይፈልጋል። ሁለተኛው ቀለል ይላል፤ ቴርሞስታቱ ኮምፕሬሰሩን የሚያዘው በቀጭን የ12 ቮልት ሽቦ ከሆነ፣ እሷን ብቻ ማቋረጥ ነው። ትልቁ በሊታ ኮምፕሬሰሩ ይቆማል፤ ማራገቢያው አየር ማንቀሳቀሱን ይቀጥላል።

አንድ ነገር ግን አይረሳ፦ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጠበቅ። አሁን የቆመ ኮምፕሬሰር ውስጡ ያለው ግፊት ሳይስተካከል ከተነሳ ይታገላል፤ ከነጭራሹም ሊቃጠል ይችላል። ማዘግያ ከሌለ ደግሞ ሣጥኑ አጥፋ አብራ ሲል ይውላል።

ሥራው የባለሙያ ነው። ከመነካካቱ በፊት የካምፑ ገመድ መነቀሉ ብቻ አይበቃም፤ ጄኔሬተሩም ኢንቨርተሩም መጥፋት አለባቸው። እኛም ቤት ምጣድ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ አብረው ሲበሩ ብሬከሩ የሚወርድ ከሆነ፣ ትልቅ ብሬከር ከመግዛታችን በፊት ዕቃዎቹን ተራ እናስይዛቸው።