በክረምት ወደ ኬንያ ሲጓዙ ጤናዎን እንዴት ይጠብቃሉ?

የክረምት ዕረፍታቸውን ተጠቅመው፣ ያለ አስጎብኚ ድርጅት፣ በአውቶቡስና በባቡር ወደ ጎረቤት ኬንያ የሚጓዙ ወገኖች አሉ። ጉዞው አስደሳች ቢሆንም መንገዱ ረጅም፣ የአየር ጠባዩም ተለዋዋጭ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ደግሞ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል እስከ ናይሮቢ ያሉት ሁለቱ መንገዶች እያንዳንዳቸው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የናይሮቢ ሞምባሳ ባቡር ደግሞ ከከፍታማው ናይሮቢ አንስቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሞቃታማው የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያደርስዎታል። ይህን ጉዞ ካሰቡ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

ከመነሳትዎ በፊት

የቢጫ ወባ ክትባት ካልወሰዱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመው ይከተቡና ካርዱን ከፓስፖርትዎ ጋር ይያዙ። አንድ ጊዜ የተሰጠ ካርድ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ዕድሜዎ ከ60 ዓመት በላይ ከሆነ ወይም የበሽታ መከላከል አቅምን የሚያዳክም ሕመም ካለብዎት ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ናይሮቢ ከተማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የወባ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። በሞምባሳና በባሕሩ ዳርቻ ግን ወባ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። የወባ መከላከያ መድኃኒት በሐኪም ትዕዛዝ ይወሰዳል። አንዳንዱ ዓይነት ከተመለሱ በኋላም ለአራት ሳምንታት ስለሚቀጥል «ቤቴ ገባሁ» ብለው አያቋርጡት።

ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ናይሮቢ ቀዝቃዛ የምትሆንባቸው ወራት ናቸውና ወፍራም ሹራብ አይርሱ። ለሞምባሳ ደግሞ እጅጌ ረጅም ስስ ልብስ ይያዙ። ከምሽት ጀምሮ ከትንኝ ንክሻ ይጠብቅዎታል።

በአውቶቡስ ውስጥ

ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። በየመቆሚያው ወርደው ይራመዱ፤ በመቀመጫዎ ላይም ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ባትዎን ካመመዎት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት በአፋጣኝ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ብዙ ተጓዦች «መጸዳጃ ቤት አይገኝም» ብለው ውኃ አይጠጡም። ይህ ለራስ ምታትና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥርም ይጠቀሙ።

«ብርድ ይመታኛል» በሚል ሁሉንም መስኮት መዝጋትም የተለመደ ነው። በታፈነ አየር ውስጥ ግን ጉንፋንም ሆነ ሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ ይተላለፋል። ነጠላ ወይም ጋቢ ደርበው መስኮቱን በትንሹ መክፈት ይሻላል። የመቀመጫ ቀበቶ ካለ ይታሰሩ። ከተቻለም የሌሊት ጉዞን ያስወግዱ፤ እንቅልፍ የሚታገለው አሽከርካሪ ለሁሉም አደጋ ነው።

የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ ከሆኑ መድኃኒትዎ ከላይ ከሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን ከእጅዎ ቦርሳ ይሁን። ኢንሱሊን በሙቀት ይበላሻል። የምግብ ሰዓት ሊያልፍ ስለሚችል ስኳርዎ ቢወርድ የሚቀምሱት ጣፋጭ ነገር ይያዙ።

ምግብና ውኃ

በየመንገዱ ትኩስ ሆኖ የተዘጋጀ ምግብ፣ ራስዎ የላጡትን ፍራፍሬና የታሸገ ውኃ ይምረጡ። ተቅማጥ ከጀመረዎት ኦ አር ኤስ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጠው ይጠጡ። ደም የተቀላቀለበት ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።

ከተመለሱ በኋላ

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው። የወባ ምልክት በተነከሱ ማግስት አይታይም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ እርስዎ በዝናባማዋ አዲስ አበባ ቤትዎ ተቀምጠዋል። ትኩሳቱን፣ ብርድ ብርድ ማለቱንና ራስ ምታቱን «የክረምት ጉንፋን ነው» ወይም «ታይፎይድ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት የተገኘውን መዋጥ ይቀናል። በኬንያ በብዛት የሚገኘው የወባ ዓይነት ግን ሕክምናው ከዘገየ በቀናት ውስጥ አንጎልንና ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል።

ስለዚህ በተመለሱ በሦስት ወራት ውስጥ ትኩሳት ከያዘዎት በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ባለሙያው ባይጠይቅዎትም «ሞምባሳ ነበርኩ» ይበሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የደም ምርመራው በጊዜ እንዲታዘዝ ታደርጋለች።