የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መጽሔቶችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር አመራረጥ

መግቢያ

የአንጀት ቢልሃርዝያ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ከሚታዩ በሽታዎች አንዱ ነው። በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው በቁንዝላና በመሰል ሥፍራዎች ዓሣ የሚያጠምድ፣ ልብስ የሚያጥብ ወይም በውኃው የሚዋኝ ሰው ለበሽታው ሊጋለጥ ይችላል። ለበሽታው የሚሰጠው የፕራዚኳንተል የመከላከያ ሕክምና ቀደም ሲል በዋናነት በትምህርት ዕድሜ ላይ ባሉ ልጆች ላይ ያተኮረ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ግን በሽታው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ዕድሜያቸው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሕፃናትና ለአዋቂዎችም እንዲዳረስ መክሯል። የቆየ መማሪያ መጽሐፍ ብቻ በእጁ ያለ ባለሙያ ይህን ለውጥ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

መመሪያው በነፃ ይገኛል። የተመሠረተባቸውና ከዚያ ወዲህ የወጡት ጥናቶች ግን በልዩ ልዩ መጽሔቶች ተበታትነዋል። በባሕር ዳር የሚያስተምር ሐኪምም ሆነ ለመስክ ልምምድ ወደ ቁንዝላ የተላከ የሕክምና ተማሪ ጥናቶቹን ማግኘት አለማግኘቱ በአብዛኛው የሚወሰነው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶቹን በሚያስተዳድርበት አሠራር ነው። የሶፍትዌሩ ምርጫ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ ያልሆነውም ስለዚህ ነው።

የኤሌክትሮኒክ መጽሔት ባሕርይ

በወረቀት የታተመ መጽሔት አንድ ጊዜ ከተገዛ በመደርደሪያ ላይ ይኖራል። የኤሌክትሮኒክ መጽሔት ግን የሚገኘው በአሳታሚው ሰርቨር ላይ ሲሆን በቤተ መጻሕፍቱ እጅ ያለው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት ያሉትን እትሞች እንደሚያካትት፣ እነማን እንደሚጠቀሙበትና መቼ እንደሚያበቃ ተለይቶ ይወሰናል። በዚህ መካከል መጽሔቱ ወደ ሌላ አሳታሚ ሊዛወር፣ አድራሻው ሊለወጥ፣ የቅርብ ወራት እትሞቹም ሊታገዱ ይችላሉ። መጽሔቶችን ማስተዳደር ማለት እንግዲህ ይህን ተለዋዋጭ መዝገብ እውነተኛ አድርጎ ማቆየት ማለት ነው።

በዓለም ጤና ድርጅትና በስድስት ታላላቅ አሳታሚዎች ትብብር እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ሥራ የጀመረው ሂናሪ ለኢትዮጵያ ተቋማት ከፍተኛ ጥቅም ሰጥቷል። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ትገኛለች። ሆኖም ይህም ቢሆን ፈቃድ እንጂ ንብረት አይደለም። በመሆኑም በነፃ የተገኘው መጽሔትም እንደ ተገዛው ሁሉ ክትትል ያስፈልገዋል።

ከሶፍትዌሩ የሚጠበቁ ተግባራት

የመጀመሪያው ተግባር መጽሔቶቹን ከሚያካትቷቸው ዓመታት ጋር በፊደል ተራ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው ተጠቃሚው በፐብሜድ ወይም በሌላ ማውጫ ካገኘው የጥናት አጠቃሎ በቀጥታ ወደ ሙሉው ጽሑፍ የሚያሻግር ማገናኛ ማዘጋጀት ነው። ለዚህ ተግባር መሠረት የሆነው ኦፕን ዩአርኤል የተባለው ስልት በቤልጅየም በጌንት ዩኒቨርሲቲ ከተደረገ ጥናት የመነጨ ነው። ሦስተኛው ከግቢ ውጭ ያለ ሕጋዊ ተጠቃሚ ማንነቱን አረጋግጦ እንዲገባ ማስቻል ነው። አራተኛው የውል ዘመንን መከታተልና ካውንተር በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት የተዘጋጁ የአጠቃቀም አኃዞችን ማሰባሰብ ነው።

አማራጮች

ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሦስት የሶፍትዌር ዓይነቶችን መለየት ተገቢ ነው። ዲስፔስ የተቋሙን የራሱን የመመረቂያ ጽሑፎችና ጥናቶች ለማከማቸት ያገለግላል። ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ ደግሞ መጽሔት ለማዘጋጀትና ለማሳተም የሚረዳ ነው። ሁለቱም በየመስካቸው ጠቃሚ ቢሆኑም ከውጭ በፈቃድ የሚገኙ መጽሔቶችን ለማስተዳደር የተሠሩ አይደሉም። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ሦስተኛው ዓይነት ነው።

በዚህ ምድብ ምንጩ ክፍት ከሆነው መካከል በአሜሪካው ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የተጀመረው ኮራል ይገኝበታል። በኒውዚላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ላይ የዋለው ኮሃ ለረጅም ጊዜ የታተሙ መጽሔቶችን እትሞች ብቻ ሲከታተል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በወጣው እትሙ የኤሌክትሮኒክ ሀብቶችን ውልና ዝርዝር የሚይዝ ክፍል ጨምሯል። ኮሃን አስቀድሞ ለሚጠቀም ቤተ መጻሕፍት ይህ ቀላሉ መነሻ ነው። የንግድ ሶፍትዌሮች በበኩላቸው ዋና ብልጫቸው የመጽሔቶቹን ዝርዝር ኩባንያው ራሱ በየጊዜው ማደሱ ነው። ክፍያቸው ግን በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም በመሆኑ ክፍያው ሲቋረጥ አገልግሎቱም አብሮ ይቋረጣል።

ለምርጫ የሚረዱ መመዘኛዎች

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ዝርዝሩን ማን ያድሳል የሚለው ነው። ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የመግዣ ዋጋ ባይኖረውም የሰው ጉልበት ይጠይቃል። ለሥራው የተመደበ ባለሙያና ተተኪ ከሌለው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደማይከፈቱ ገጾች የሚመራ ዝርዝር ይሆናል።

ሁለተኛው የመረጃው ነፃነት ነው። ሶፍትዌሩ ኬባርት በተባለው የጋራ ቅርጽ ዝርዝሮችን ማስገባትና ማውጣት መቻል አለበት። መረጃውን የማያስወጣ ሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍቱን እስረኛ ያደርገዋል።

ሦስተኛው የግንኙነት መቋረጥን መቋቋም ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የተቋረጠው የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ ብቻ ያለ ዝርዝር ሊጠፋ ይችላል፤ በግቢው ሰርቨር ላይ ያለው ግን በውስጥ መስመር ይከፈታል። ለማባዛት ፈቃድ ያላቸውን ክፍት ጽሑፎች በዚያው ሰርቨር ማስቀመጥም ይቻላል። የሂናሪን ጽሑፎች በጅምላ አውርዶ ማከማቸት ግን የአጠቃቀም ውሉን ይጥሳል።

አራተኛው የይለፍ ቃል አጠባበቅ ነው። የዩኒቨርሲቲውን የይለፍ ቃል ለውጭ ተቋም ማካፈል በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ቢሆንም የመላውን ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሊያስቋርጥ ይችላል። ጤና ተቋማት በራሳቸው ስም ለሂናሪ እንዲያመለክቱ መርዳት የተሻለው መንገድ ነው።

አምስተኛው የአገር ውስጥ መጽሔቶች መካተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔትና ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ መጽሔት በተገዛው ዝርዝር ውስጥ ባይገኙ ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ሊጨምራቸው መቻል አለበት።

ከውሳኔ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

የሻጩን ገለጻ ከማዳመጥ ይልቅ አጭር ፍተሻ ማድረግ ይበልጣል። የሕክምና ትምህርት ክፍሎች በቅርቡ የፈለጓቸውን ሃያ ጽሑፎች ይምረጡ፤ ከእነዚህም መካከል የቆዩ፣ አዳዲስና የአገር ውስጥ ጥናቶች ይኑሩበት። ቤተ መጻሕፍቱ እያንዳንዱን በታሰበው ሶፍትዌር አማካይነት አንድ ጊዜ በግቢው ውስጥ፣ አንድ ጊዜም ደካማ ግንኙነት ባለበት ሥፍራ በስልክ ይሞክር። ስንቱ እንደተከፈተ፣ ስንቱ ወደ ባዶ ገጽ እንደመራና ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ ይመዝገብ። በዚህ ፍተሻ ከቁንዝላ ሆኖ ሙሉውን ጽሑፍ ለማንበብ ያስቻለው ሶፍትዌር፣ ሌላ ብልጫ ባይኖረውም እንኳ፣ ለሕሙማን የሚጠቅመው እሱ ነው።