ወንበሩን ማን ተቀመጠበት? ማንስ መሰከረለት?

በግንቦት መጨረሻ፣ በሜሞሪያል ዴይ ሰሞን፣ በዋሽንግተን ታክሲ የነዳ ወገናችን ሁሉ ትርዒቱን ያስታውሰዋል። ከ1988 እስከ 2019 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) በየዓመቱ «ሮሊንግ ተንደር» የተባለው የሞተር ብስክሌት ሰልፍ ከፔንታጎን የመኪና ማቆሚያ ተነሥቶ በሜሞሪያል ድልድይ ላይ እየተግተለተለ ወደ ከተማው ይገባ ነበር። በጦርነት የተማረኩና የጠፉ ወታደሮችን ለማስታወስ የተጀመረ ሰልፍ ነው። መንገዱ ለሰዓታት ይዘጋል፤ ታክሲ ነጂውም ከመኪናው ወርዶ ወገቡን እያሸ ይመለከታል።

ከእነዚያ ዓመታት በአንዱ ይህ ጸሐፊ የተሳፈረበት ታክሲ እንዲሁ ቆመ። ሾፌሩ በዕድሜ ጠና ያሉ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ነበሩ። «አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «እነዚህ ሰዎች በዚያች ጠባብ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ስንቱን ስቴት አቋርጠው መጥተው እየሳቁ ያልፋሉ። እኔ ግን ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሼ ስወርድ ወገቤ አልዘረጋ ይለኛል። ይኸ መኪና እኮ በመጽሔት ተመስግኖ ነው የገዛሁት!»

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። በዚህ አካባቢ ስንት ቤተሰብ የሚኖረው አንድ ሰው በቀን 10 እና 12 ሰዓት መሪ ጨብጦ በመቀመጡ ነው። የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ትምህርት፣ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ወንበር ላይ ነው። ታዲያ የወንበሩን ነገር ማንን አምነን እንገዛለን?

ባለ ሞተሮቹ የሚያውቁት

የሽማግሌው ጥያቄ መልስ አለው። በአሜሪካ «አይረን በት አሶሲየሽን» የሚባል የሞተር ነጂዎች ማኅበር አለ። በእኛ ቋንቋ መቀመጫ የሚለው ቃል ወንበሩንም ገላውንም ስለሚጠራ፣ «የብረት መቀመጫ ማኅበር» ብንለው ሁለቱንም ይይዝልናል። ማኅበሩ የምስክር ወረቀት ለመስጠት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ፈተና በ24 ሰዓት ውስጥ 1,000 ማይል መንዳት ነው። ይህም 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል።

እንዲህ ያሉ ነጂዎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ የመጣውን ኮርቻ አያምኑትም። አውጥተው ይጥሉትና እንደ ኮርቢንና ራስል ካሉ የካሊፎርኒያ ኮርቻ ሠሪዎች ዘንድ ሌላ ያሠራሉ። ስለ አዲስ ሞተር የሚጽፈው ጋዜጠኛ ብዙውን ጊዜ በአምራቹ ተጋብዞ ሞተሩን አንድ ቀን ብቻ ነድቶ እንደሚጽፍም ያውቃሉ። የአንድ ቀን ደስታ የአንድ ሳምንትን ቁስል አይናገርም። የአገራችን ባለ በቅሎም ቢሆን ኮርቻ ሲገዛ የበቅሎዋን ጀርባ ያያል እንጂ የገበያ ወሬ ሰምቶ አይከፍልም።

ምስክሩ ስንት ሰዓት ተቀመጠ?

ወደ መኪናው እንመለስ። የአንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ወዳጄን ታሪክ ላውጋችሁ። ቁመቱ ዘለግ ያለ ነው። አሮጌ መኪናው ሲሞትበት መጽሔት አገላብጦ፣ ኮከብ ቆጥሮ፣ ቅዳሜ ዕለት ወደ ሻጩ ሄደ። 15 ደቂቃ ያህል ነድቶ ፈረመ፤ ብድሩ የ72 ወር ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግራ እግሩ ይደነዝዘው ጀመር። ለካስ የወንበሩ መቀመጫ አጭር ኖሮ ጭኑን የሚደግፈው የለም፤ ወንበሩም ወደ ላይ ከፍ፣ ወደ ኋላ ጋደል አይልም። መጽሔቱን መልሶ ቢያየው ስለ ወንበሩ የተጻፈው አንድ መሥመር ነው፦ «የፊት ወንበሮቹ ምቹ ናቸው።» እንዳይሸጠው ዕዳው ከመኪናው ዋጋ በልጧል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሏል ይህ ነው።

መጽሔቱ ዋሸ ማለት ነው? አይደለም። ለጻፈው ሰው በእርግጥ ምቹ ነበር። የብዙዎቹ የመኪና መጽሔቶች አሠራር እንዲህ ነው፦ አምራቹ አዲስ መኪና አጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ ለጋዜጠኛው ለአንድ ሳምንት ያህል ያውሰዋል። ጋዜጠኛው ኃይሉን፣ ፍሬኑን፣ ኩርባ ላይ ያለውን አያያዝ ይፈትናል። እነዚህ በሰከንድና በሜትር ይለካሉ። ወንበር ግን በሰከንድ አይለካም፤ እውነቱን የሚናገረው በዘጠነኛው ሰዓት ነው። በዘጠነኛው ሰዓት ደግሞ ጋዜጠኛው ቤቱ ገብቷል።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ ነው። ሎስ አንጀለስ ታይምስ የተባለው ትልቅ ጋዜጣ ዳን ኒል የሚባል የመኪና ሐያሲ ነበረው፤ በ2004 የፑሊትዘር ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። በ2005 ጸደይ ላይ የጄኔራል ሞተርስን ፖንቲያክ ጂ6 ነቅፎ ጻፈ፤ በኩባንያው መሪዎችም ላይ ብዕሩን አሳረፈ። ኩባንያው ጋዜጣው ተሳስቷል ብሎ ማስታወቂያውን ለወራት ከጋዜጣው አነሣ። ጋዜጣው ግዙፍ ስለ ነበር ቻለው። ትንሹ መጽሔት ቢሆንስ? እንዲህ ሲሆን ነው ብዙ ጸሐፊ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚደበድበው፤ መኪናውን ትቶ የቡና መያዣውን ይነቅፋል።

ሽልማትም ቢሆን ዋስትና አይደለም። «ሞተር ትሬንድ» የተባለው መጽሔት ሸቭሮሌ ቬጋን የ1971 የዓመቱ መኪና ብሎ ሸልሞታል። ያ መኪና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተሩ እየጋለ፣ አካሉ እየዛገ የባለቤቶቹ መቀለጃ ሆነ። ሲሸለም አዲስ ነበርና ዝገቱ ገና አልታየም።

ሐቀኛውም ይሳሳታል

«እንግዲያስ ማስታወቂያ የማይቀበለውን እናንብብ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ አለ። «ኮንስዩመር ሪፖርትስ» በ1936 የተመሠረተ፣ ማስታወቂያ የማያትም፣ የሚፈትናቸውንም መኪናዎች ማንነቱን ሳይገልጥ እንደ ማንኛውም ሸማች በገንዘቡ የሚገዛ ድርጅት ነው። ኮኔቲከት ውስጥ የራሱ የመፈተኛ ሜዳ አለው። ፈተናውን የሚጀምረውም መኪናው 2,000 ማይል ያህል ከሮጠ በኋላ ነው። በዚያ ላይ የአንባቢዎቹን የብዙ ዓመት ልምድ እየጠየቀ የትኛው መኪና እንደሚበላሽ ያትማል። ከዚህ የተሻለ ምስክር በገበያው ላይ ማግኘት ያስቸግራል።

ነገር ግን እርሱም በጥር 2007 የሕፃናት የመኪና መቀመጫዎችን ፈትኖ አብዛኞቹ ወደቁ ሲል ወላጆችን አስደነገጠ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ዘገባውን ሳበ። የጎን ግጭቱ ፈተና በ38 ማይል ፍጥነት መሆን ሲገባው፣ በውጭ ላቦራቶሪ የተሠራው ከ70 ማይል በላይ ከሆነ ግጭት ጋር የሚተካከል ሆኖ ተገኘ። ድርጅቱ ስሕተቱን በአደባባይ አመነ፤ ይህም ያስመሰግነዋል። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ ሐቀኛ መሆንና ትክክለኛ መሆን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ደግሞም 2,000 ማይሉን የሚነዱት ብዙ ሰዎች እየተፈራረቁ ነው። ለአንድ ታክሲ ነጂ ይህ የሁለትና የሦስት ሳምንት ሥራ ነው፤ የሚሸከመውም አንድ ወገብ ብቻ ነው።

ገላችን የሚለው

ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ የሚያርፈው በዳሌ ሥር ባሉ ሁለት አጥንቶች ላይ ነው። በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ያለው ወንበር በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት እንደ አልጋ ይደላል። ውሎ ሲያድር ስፖንጁ ይሰጥምና አጥንቱ ታች ካለው ጠንካራ ነገር ጋር ይገናኛል፤ ዳሌ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ወገብ ይጎብጣል። ጠንከር ያለው ወንበር ግን ሲጀመር ያስከፋል፣ ሲመሽ ያስመሰግናል። በሻጩ ግቢ ሰው የሚወደው የመጀመሪያውን ነው።

በዚህ ላይ የመንገዱ ንዝረት አለ። ክረምቱ ሰንጥቆት የሄደው አስፋልት ጎማውን፣ ጎማው ወንበሩን፣ ወንበሩ የጀርባ አጥንትን ይመታል። ጉዳቱም የተጠና ነው። በታይፔይ 1,242 ታክሲ ነጂዎች ተጠይቀው፣ በ2005 በታተመው ጥናት 51 ከመቶ የሚሆኑት ባለፉት 12 ወራት የወገብ ሕመም እንደ ነበራቸው ተናግረዋል። የመቀመጥ ጦስ በወገብ ብቻ አይቀርም። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪም በ1953 ባሳተመው ጥናት፣ በለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱት ሾፌሮች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ቲኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ በሽታ የበለጠ እንደሚጠቁ አሳይቷል።

የድሮዎቹ ሾፌሮቻችን ክራውን ቪክቶሪያን ሲያነሡ እንደ ናፈቁት ዘመድ ነው። አካሉ በሻንሲ ላይ የተቀመጠ ስለ ነበር ጉድጓዱን ዋጥ ያደርገዋል። ብዙው ግን ከፖሊስ አገልግሎት የወጣ ነበርና ወንበሩን የፖሊሱ ቀበቶና ሽጉጥ አስቀድሞ አጎድጉዶታል። የመጨረሻው ክራውን ቪክቶሪያ በመስከረም 2011 ከካናዳ ፋብሪካ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኡበር ዋሽንግተን ገባ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ወገናችን መኪናውን የሚገዛው በራሱ ስምና በራሱ ብድር ነው፤ ወንበሩ ቢያሳምመው የሚከሰው ኩባንያ የለውም።

ከመፈረማችሁ በፊት

ከሾፌሮቹና ከባለ ሞተሮቹ የተማርነውን እንዲህ አጠር አድርገን እናቅርበው።

አንደኛ፣ መጽሔቱን ለሚያውቀው ነገር እመኑት። ለፍሬን፣ ለነዳጅ፣ ለአደጋ መከላከያና ለብልሽት ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። «ምቹ ነው» ሲል ግን «ለማን? ለስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛ፣ ወንበር ለመፈተን ጠዋት በትኩስ ጉልበት አትሂዱ። ከሥራ በኋላ ወገባችሁ ደክሞ ሳለ ሂዱና ሻጩ ቢቆጣም 40 ደቂቃ ተቀመጡ። ከቻላችሁ ያንኑ ዓይነት መኪና ለአንድ ቀን ተከራይታችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ደለስ ኤርፖርት ተመላለሱ። የአንድ ቀን ኪራይ ከ72 ወር ጸጸት ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ በወንበሩ ጫፍና በጉልበታችሁ ጀርባ መካከል ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር፤ ከዚያ ከሰፋ ጭን ድጋፍ አያገኝም፣ ከጠበበ የደም ዝውውርን ያግዳል። መደገፊያውን ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ጋደል አድርጉት፤ የወገብ ድጋፉም ቀበቶ በሚታሰርበት አካባቢ ይረፍ።

አራተኛ፣ የገንዘብ ቦርሳችሁን ከኋላ ኪስ አውጡ። አንዱን ዳሌ ከፍ አድርጎ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል። የዶቃ ልባስም ሆነ ሌላ የወንበር ልባስ ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በብዙ መኪና የጎን ኤርባጉ ያለው ወንበሩ ውስጥ ነውና ልባሱ መውጫውን እንዳይዘጋው።

አምስተኛ፣ ከወንበር ሁሉ የሚሻለው ከወንበር መነሣት ነው። በየሁለት ሰዓቱ ወርዳችሁ አምስት ደቂቃ ተራመዱ። እግር ከዛለ፣ በጭንና በብልት አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ፣ ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረ፣ ወይም አንድ ባት አብጦ ትንፋሽ ካጠረ፣ ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ስድስተኛውና ዋነኛው፦ በኪንግ ስትሪት ሜትሮ ፊት ወይም በናሽናል ኤርፖርት ወረፋ ላይ የቆመውን ወገናችሁን ጠይቁ። ያንኑ መኪና 100,000 ማይል የነዳ ሰው እዚያ አይጠፋም። ማስታወቂያ የለው፣ ኮሚሽን አይቆረጥለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና የወንበሩን ታሪክ በወገቡ ጽፎታል። ብቻ ስትጠይቁ ቁመቱንና ውፍረቱንም ከእናንተ ጋር አስተያዩ።

ይህን ስንጽፍ ይህ ጋዜጣም በማስታወቂያ የሚኖር መሆኑን አልዘነጋንም። እኛንም ቢሆን አንብባችሁ አመዛዝኑን።

ሽማግሌው ሾፌር በዚያ ቀን መንገዱ ሲከፈት መኪናቸውን አስነሡ፤ ከመግባታቸው በፊት ግን እንደ ገና ወገባቸውን አሹ። «ለሚቀጥለው መኪናዬ» አሉ፣ «መጽሔቱን ልጄ ያንብብልኝ፤ ወንበሩን ግን እኔው ራሴ እቀመጥበታለሁ።»