በሁለት የልብ ምቶች መካከል

ሐዋሳ ለእግረኛ የተመቸች ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ፣ መንገዶቿም ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ የሚሄድ ሰው የሚያለከልክበት ዳገት አይገጥመውም። ብስክሌት ለብዙ ዓመታት የከተማዋ መታወቂያ ሆኖ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን ግን መንገዱን ባጃጅ ይዞታል፤ ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም፣ ካፌውም በባጃጅ ይደረሳል።

ሥራውም ቢሆን ተቀምጦ የሚሠራ እየሆነ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሴቶች ቀኑን የሚያሳልፉት ከስፌት መኪና ፊት ተቀምጠው ነው። የባጃጅ ሾፌሩ ከጠዋት እስከ ማታ ከመሪው አይነሣም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ከክፍል ወደ ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ወደ ዶርም ሲል ይውላል፤ በሦስቱም ቦታ የሚጠብቀው ወንበር ወይም አልጋ ነው። አብዛኞቹ ሕመም አይሰማቸውም፤ ብዙዎቹ ወፍራምም አይደሉም። ያም ሆኖ መቀመጥ ሲበዛ በሰውነት ውስጥ ሁለት ነገሮች ቀስ እያሉ ይለወጣሉ፦ ጡንቻ ስኳርን የሚቀበልበት ብቃትና ልብ ምቱን የሚለዋውጥበት ችሎታ። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ሁለተኛውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ልቡ በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ጤነኛ ወጣት በየሰከንዱ እኩል ይመታል ማለት አይደለም። በአንዱና በቀጣዩ ምት መካከል ያለው ጊዜ አንዴ 0.9 ሰከንድ፣ አንዴ ደግሞ 1.1 ሰከንድ ሊሆን ይችላል። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ምቱ ይፈጥናል፤ ሲወጣ ይዘገያል። ጀርመናዊው የሥነ አካል ተመራማሪ ካርል ሉድቪግ ይህን ከትንፋሽ ጋር የሚሄድ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1847 በመሣሪያ መዝግቦታል። ሐኪሞች የልብ ምት መለዋወጥ ይሉታል፤ የሚለካውም በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። በሕመም ምክንያት ከሚመጣው የልብ ምት መዛባት ጋር አንድ አይደለም፤ ይኸኛው የጤንነት ምልክት ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሁለት የነርቭ ክፍሎች ናቸው። አንደኛው ሰው ሲደነግጥ፣ ሲቸኩል ወይም ሲሮጥ ልብን ያፈጥናል። ሁለተኛው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው፤ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአንገትና በደረት በኩል እስከ ሆድ ዕቃ ይወርዳል፤ ልብን የማርገብ ሥራም የእሱ ነው። የቬገስ ትእዛዝ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ልብ ዘንድ ስለሚደርስ በየምቱ የሚታየው ጥቃቅን ልዩነት በአብዛኛው የእሱን ጉልበት ያሳያል። ዘወትር የሚንቀሳቀስና በቂ እንቅልፍ የሚያገኝ ሰው ሲያርፍ ልቡ በዝግታ ይመታል፤ በምቶቹ መካከል ያለው ልዩነትም ሰፊ ይሆናል። ተቀምጦ የሚውለው ሰው ልብ በአንጻሩ በዕረፍት ሰዓትም ፈጠን ይላል፤ ልዩነቱም ይጠባል።

ስኳሩስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ምግብ ባልቀመሰ ጤነኛ ሰው ጠቅላላ ደም ውስጥ የሚገኘው ግሉኮስ 5 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ደግሞ ከ30 ግራም የማያንስ ስኳር አለ። ከምሳ ጋር አንድ ለስላሳ የጠጣ ወጣት እንጀራውና ዳቦው ሳይቆጠር ደሙ ውስጥ ከነበረው ስድስት እጥፍ ጨምሯል። ጤነኛ አካል ይህን ሁሉ በሁለት ሰዓት ገደማ ከደም አውጥቶ በየቦታው ማስገባት አለበት። ጉበት የተወሰነውን ይወስዳል፤ ትልቁ ተቀባይ ግን ጡንቻ ነው።

ጡንቻ ስኳርን የሚያስገባባቸው ሁለት በሮች አሉት ማለት ይቻላል። አንዱን የሚከፍተው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ሁለተኛው ጡንቻው ራሱ ሲኮማተር ይከፈታል፤ ለዚህ ኢንሱሊን አያስፈልገውም። ሰው ሲራመድ፣ ደረጃ ሲወጣ ወይም ብስክሌት ሲነዳ የጭንና የባት ጡንቻዎች ስኳሩን በቀጥታ ከደም ይስባሉ። ለሰዓታት ሲቀመጥ ግን ሥራው በሙሉ በኢንሱሊኑ ላይ ይወድቃል። ይህ ሲደጋገም ጡንቻው ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ይቀንሳል፤ ቆሽትም ያንኑ ሥራ ለመሥራት አብዝቶ ማመንጨት ይኖርበታል። በዚህ ወቅት በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር ለዓመታት ጤናማ ሊመስል ይችላል፤ ቁጥሩ ልኩን የሚጠብቀው ቆሽት ከአቅሙ በላይ እየሠራ መሆኑን አይናገርም።

የልብ ምት መለዋወጥን የመለካት ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በደም ውስጥ የበዛ ኢንሱሊን ልብን የሚያፈጥነውን የነርቭ ክፍል ያነሣሣል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ደግሞ ነርቭን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ቀድሞ የሚታየው በረጃጅሞቹ ላይ ነው። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩን የሚያደነዝዘው ለዚህ ነው። ቬገስም ረጅም ነርቭ በመሆኑ ቶሎ ከሚጎዱት ይመደባል። በአሜሪካ የፍራሚንግሃም የልብ ጥናት ተሳታፊዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሪፖርት የደም ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር የልብ ምት መለዋወጥ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ነገሩን ከሌላኛው ጫፍ ተመለከተው፦ በዕድሜ ጎልማሳ የሆኑ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ የነርቭ ሚዛናቸው ቀድሞ የተዛባው በኋላ ለስኳር ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይጎትታል ማለት ነው።

መለኪያው ለስኳር ሕሙማን ምርመራም ውሏል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስኮትላንድ ኤዲንብራ ዴቪድ ኢዊንግና ብሪያን ክላርክ የተባሉ ሐኪሞች የልብን ምት ከሚመዘግበው ኢሲጂ ሌላ ብዙም መሣሪያ የማይፈልጉ ምርመራዎችን አዘጋጁ። በአንደኛው ሕመምተኛው በደቂቃ ስድስት ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳል። አየር ሲስብ የታየው ከፍተኛ ምትና ሲያስወጣ የታየው ዝቅተኛ ምት ይነጻጸራል። ልዩነቱ በደቂቃ 15 ምትና ከዚያ በላይ ከሆነ ነርቩ ደህና ነው፤ ከ10 በታች ከሆነ ተጎድቷል። ልዩነቱ በዕድሜ እየጠበበ ስለሚሄድ በሃያዎቹ ያለ ወጣት ከዚህ ሰፋ ያለ ውጤት ይጠበቅበታል።

መቀመጥ ልብን እንደሚጎዳ በግልጽ ያሳየው የመጀመሪያው ትልቅ ማስረጃ የተገኘው ከትራንስፖርት ሠራተኞች ነው። ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሾፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጸሩ። ሁለቱም አንድ አውቶቡስ ላይ ይውላሉ፤ ሾፌሩ ግን ተቀምጦ፣ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ነው። በልብ ሕመም ይበልጥ ይጠቁ የነበሩት ሾፌሮቹ ሆኑ። የሐዋሳ ባጃጅ ሾፌርም ያለበት ሁኔታ ከእነዚያ ሾፌሮች የራቀ አይደለም።

ወጣትነት ብቻውን እንደማይከላከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ታየ። አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንታት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሡ አካላቸው ኦክስጅንን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ ከሩብ በላይ ወርዶ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው እነዚያው ሰዎች እንደገና ተመረመሩ፤ ሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያደረሰባቸው ቅናሽ የሦስት ሳምንቱ አልጋ ካደረሰባቸው አልበለጠም። በዚያው በ1966 ከአልጋው በኋላ ለሁለት ወር ገደማ ሥልጠና ሲወስዱ ግን አቅማቸው ተመልሶ ከቀድሞውም ጨምሮ ነበር። በዚያ ዕድሜ ጉዳቱ ፈጥኖ እንደሚመጣ ሁሉ ማገገሙም ፈጣን ነው።

በሐዋሳ ደግሞ መቀመጥን የሚያስረዝም የራሱ ልማድ አለ። ጫት ሲቃም ሰዓታት በአንድ ቦታ ያልፋሉ፤ ለስላሳ መጠጥና በስኳር የከበደ ሻይም ብዙ ጊዜ ይከተሉታል። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ልብን የሚያፈጥነውን የነርቭ ክፍል ያበረታል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ስኳሩም፣ መቀመጡም፣ የነርቩ መነሣሣትም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገናኛሉ።

በአገር ደረጃ ሥጋቱ ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ አግኝቷቸዋል። ስኳር ሕመም ደግሞ ለረጅም ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ስለሚቆይ ብዙ ሰው የሚያውቀው እግሩ ወይም ዓይኑ ከተጎዳ በኋላ ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በአውስትራሊያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሙከራ ክብደታቸው የጨመረ ጎልማሶች በየ20 ደቂቃው ተነሥተው ለሁለት ደቂቃ ብቻ ቀስ ብለው ሲራመዱ ከምግብ በኋላ የሚጨምረው ስኳራቸው በሩብ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። የባጃጅ ሾፌር ተራ ሲጠብቅ ወርዶ ቢንጎራደድ፣ የስፌት ሠራተኛ የዕረፍት ደቂቃዋን ቆማ ብታሳልፍ፣ ተማሪም ከምሳ በኋላ ወደ ዶርሙ በእግሩ ቢሄድ ያ የጡንቻ በር ይከፈታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህም በቀን ከግማሽ ሰዓት ብዙ ያልራቀ ፈጣን ርምጃ ነው።

ወላጁ ወይም ወንድምና እኅቱ ስኳር ያለበት ወጣት፣ ወይም ወገቡ እየሰፋ የመጣ፣ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ የለበትም። ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ሳይበላ በጤና ጣቢያ ቢለካ፣ በዴሲ ሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ጤናማ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ማስጠንቀቂያ፣ 126ና ከዚያ በላይ ደግሞ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር ሕመም ነው። የልብ ምት መለዋወጥን የሚያሳይ የእጅ ሰዓት ያለው ሰው የራሱን ቁጥር ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከራሱ ካለፉት ሳምንታት ጋር ማስተያየት አለበት፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት በጣም ሰፊ ነውና። እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥና ትኩሳትም ስለሚያወርዱት የአንድ ቀን ውጤት ብቻውን ምንም አይወስንም። ለሳምንታት እየወረደ ከሄደና በዕረፍት ጊዜ የሚለካው ምትም አብሮ ከጨመረ ግን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ስኳርንና ግፊትን አንድ ላይ ማስለካት ተገቢ ነው።